ከሐረና ጫካ እስከ ቱሉ ዲምቱ፦ ከድሬ ተነስተን በእግር የሄድንበት አምስት ቀን

የሳቢያን ልጅ | ጥቅምት 27

ሰላም ጀመዓ። ባለፈው ክረምት እዚሁ «ከድሬ ተነስቶ ባሌን በእግር የሄደ ሰው አለ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልስ አላገኘሁም። ሄደን መጣን። ያን ጊዜ ማንበብ የፈለግሁትን አሁን እኔው ልጻፈው። ይረዝማልና ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

አራት ነበርን። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ሁለት የሥራ ጓደኞቼ። አራታችንም ድሬ ተወልደን ድሬ ያደግን ነን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥቅምት ውስጥ እንኳ መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው። ስለዚህ ስንዘጋጅ የፈራነው ብርድን ብቻ ነበር። ወፍራም ጃኬት፣ ወፍራም ሹራብ፣ ሁለት ሁለት ካልሲ። የጎዳን ግን ብርዱ ብቻውን አይደለም። እርጥበቱ ነው። ጫካ ውስጥ የረጠበ ልብስ ተሸክመን ተራራ ወጣን። ነገሩን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው።

መንገዱን ቶሎ ልለፈው። ከድሬ እስከ አዳማ በባቡር፣ ከአዳማ በአሰላና በዶዶላ በኩል በመኪና። ዲንሾ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ። ወርደን ተመዘገብን፣ ከፈልን፣ አስጎብኚ ያዝን። ከዚያ ጎባ ሁለት ሌሊት አደርን። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። ደረጃ ስንወጣ ልባችን ይመታ ነበር። ሁለቱን ሌሊት አትቀንሱ።

ከጎባ በመኪና የሳነቴን አምባ አቋርጠን ወደ ሐረና ወረድን። እላይ 4,000 ሜትር ላይ ዛፍ የሚባል የለም። ድንጋይ፣ ጅብራና ነፋስ ብቻ። ከአፋፉ ቁልቁል ስትታጠፉ መጀመሪያ አስታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀርከሃው፣ ከዚያ ጫካው ይውጣችኋል። በአንድ ጠዋት ከውርጭ አገር ቡና አገር ትገባላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ካቻ አደርን። ጫካው መሀል ያለ ገላጣ መስክ ነው፣ 2,400 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ጫካ ብዙ ማውራት እችላለሁ። ዛፎቹ ላይ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። ግንዱ በሙሉ በአረንጓዴ ሽበት ተሸፍኖ ስትነኩት ውኃ ይወጣዋል። ጉሬዛዎች ከላይ ይዘላሉ፣ ነጭ ጭራቸው ብቻ ይታያል። የንብ ቀፎዎች ትልልቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅለዋል። ከካቻ በታች ወደ ደሎ መና ሲወረድ ደግሞ ቡናው ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር በቅሎ ይታያል። እኔ የሐረርጌ ሰው ነኝ። ቡና የማውቀው በማሳ፣ ከጫት ጎን፣ ባለቤት ያለው ሆኖ ነው። ዱር ውስጥ ቡና ሳይ ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ቀይ ፍሬ ቀጥፌ መጠጥኳት። ትጣፍጣለች።

በሁለተኛው ቀን ከካቻ ወደ ሪራ ሽቅብ ሄድን። ዝናቡ የጀመረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከባድ አልነበረም፣ ካፊያ ነው። ግን አያቆምም። ሲያቆምም ዛፎቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንጠባጠባቸውን ይቀጥላሉ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከውጭ ዝናቡ፣ ከውስጥ ላባችን። ከገበያ የገዛናቸው ጃኬቶች «ዝናብ አያስገቡም» ተብለው ነበር። ስፌታቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ፌስታል ውስጥ ያላስገባነው ነገር ሁሉ ራሰ።

ወንድሜ የአያቴን ጋቢ ቦርሳው ላይ አስሮ ነበር። ማታ ሪራ ላይ ሁለት ሆነን፣ አንዳችን በዚህ ጫፍ አንዳችን በዚያ ጫፍ ይዘን ጠመዘዝነው። ውኃው እንደ ቧንቧ ወረደ። ጋቢ ጥጥ ነው። ከደረቀ የሚያህለው የለም። ከረጠበ ግን ድንጋይ ተሸከሙ ማለት ነው። እዚያ አየር ውስጥ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደርቅም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን ልምጣ። ይህን የምጽፈው ማንም ሰው እንዳይደግመው ስለምፈልግ ነው።

ሪራ 3,000 ሜትር አካባቢ ናት። ዕቅዳችን 3,500 ሜትር ላይ አስታው ውስጥ አድረን በማግስቱ አምባው ላይ መውጣት ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አስጎብኚው «እዚህ እንደር» አለ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ያንጠባጥባል። «ላይ ቶሎ ወጥተን ብንገላገል አይሻልም?» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። እኔ ሁለት ጊዜ እንቀጥል አልኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል 4,000 ሜትር ላይ ወጣን። ዝናቡ አቁሞ ነበር። ነፋሱ ግን ጀመረ።

ድንኳን ስንተክል ወንድሜ ተቀምጦ ጫማውን ሊፈታ ሞከረ። ክሩን በጣቱ ይይዛል፣ ያመልጠዋል። ደግሞ ይይዛል፣ ያመልጠዋል። ዝም ብሎ ክሩን ያያል። «ምነው?» አልኩት። የመለሰልኝ ቃል ተጎተተ፣ ልክ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሕፃን። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ወንድሜ ወሬኛ ልጅ ነው። ዝም ማለቱ ነው ያስደነገጠኝ።

አስጎብኚው ገና ሲያየው ነው የገባው። ልብሱን በሙሉ አስወለቅነው። አስጎብኚው የራሱን ደረቅ ሹራብ አለበሰው። የፈላ ውኃ በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን በካልሲ ጠቀለልንና ብብቱና ደረቱ ላይ አደረግንለት። ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጣነው። የተከራየነው ስሊፒንግ ባግ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ይችላል ተብሎ ነው የተሰጠን። ያን ማታ ስንዘረጋው የበጋ ሆኖ ተገኘ፣ ዚፑም አይዘጋም። ከመነሳታችን በፊት ቤት ዘርግተን አለማየታችን የኛ ጥፋት ነው። ሁለት ባግ ደራርበን እኔ አጠገቡ ተኛሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ «እርቦኛል» አለኝ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

አራተኛውን ቀን የትም አልሄድንም። ፀሐይ ወጣች። ያለንን ሁሉ ድንጋይ ላይ አሰጣን። አምባው ልብስ የታጠበበት ግቢ መሰለ። ያኔ ነው ቀይ ቀበሮዋን ያየናት። ከኛ ሃምሳ እርምጃ አትርቅም። አንድ ጉድጓድ አጠገብ ሆዷን መሬት አስነክታ ትጠብቃለች። ጉድጓዱ የፍልፈል ነው። ይሄ ፍልፈል ባሌ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ከተራ አይጥ በጣም ይተልቃል። ዓይኑ አናቱ ላይ ነው የተቀመጠው። ጭንቅላቱን ብቅ ያደርግና ዙሪያውን ያያል፣ ሣር ነጭቶ ይገባል። ሦስት ጊዜ ብቅ አለ። በአራተኛው ዘለለች። ሳተችው። አፈሩን አራግፋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደች።

አራተኛው ሌሊት። ዝናብ ድንኳን ላይ ሲወርድ ይሰማል። ያን ሌሊት ግን ምንም አይሰማም ነበር። ንጋት ላይ የድንኳኑ ጣሪያ ወደ ውስጥ ጎብጦ አገኘሁት። በእጄ ብመታው ሸርተት ብሎ ወረደ። ዚፑን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር ነጭ ነው። ጅብራዎቹ እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሰው ቆመዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወንድሜ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ፊቱ ላይ አደረገውና ሳቀ።

ከአስጎብኚው ጋር ተማክረን፣ ወንድሜም ሁለት ሰሃን በልቶ፣ ቀስ እያልን ቱሉ ዲምቱ ላይ ወጣን። 4,377 ሜትር። ከዚያ በመኪና ወደ ጎባ ወረድን።

ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁኝ።

ጁገል በር | ጥቅምት 27

አቦ እህቴ፣ ወንድምሽ እንኳን ተረፈ! እኔ ሐረር ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለታኅሣሥ እያሰብን ነው። ሦስት ጥያቄ አለኝ። ጫማ ምን አደረጋችሁ? ምግብ ምን ያዛችሁ? ልምምድስ የት ሠራችሁ? እኛ እዚህ አካባቢ ካለው ቁንዱዶ ወይም ጋራ ሙለታ ብንወጣ ይበቃናል?

የሳቢያን ልጅ | ጥቅምት 27

አሚን ወንድሜ። ጫማችን ተራ ስኒከር ነበር፣ ሦስቱ። ልክ አልነበረም። አንደኛው ጓደኛችን ብቻ ረጅም የቆዳ ቡትስ ነበረው፣ እሱም ከረጠበ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀን አልደረቀም። ልምምድ ያልከው ላይ እኛ ወደ ደንገጎ ዳገት ሦስት ቅዳሜ ወጥተናል። ለእግር ጠቅሞናል። ለከፍታ ግን ምንም አላደረገልንም። ምግቡን እትዬ ድርቆሽ ይመልሱልሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ስንቃችንን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

እትዬ ድርቆሽ | ጥቅምት 27

ልጄ፣ ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እንኳን በሰላም ገባችሁ።

ለጠየቀው ልጅ። ስንቅ የምትይዙት እሳት ባይነድም የሚበላ መሆን አለበት። ዝናብ ላይ እሳት እንቢ ይላል። በሶ ያዙ፣ በውኃ በጥብጣችሁ ትጠጣላችሁ፣ ከስኳር ጋር። ጭኮ ካገኛችሁ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። የገብስ ዱቄት ተቆልቶ በንጥር ቅቤና በቅመም የታሸ ነው፣ ሳምንታት ቢቀመጥ አይበላሽም፣ አንድ ጉርሻ ረጅም ዳገት ያስወጣል። ተምር ከድሬ ገበያ ግዙ። ማታ እሳት ከተገኘ ድርቆሹን በቋንጣና በበርበሬ አድርጋችሁ መፈርፈር ነው። ድርቆሹን ስታዘጋጁ እንጀራውን ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አድርቁት። ድሬ ለዚህ ትመቻለች፣ አንድ ቀን ይበቃል። እርጥበት ካለው ይሻግታል። ሁሉንም በድርብ ፌስታል ቋጥሩ።

ዳቦ አትያዙ። ቦታ ይይዛል እንጂ አያጠግብም።

የጎባ ልጅ | ጥቅምት 28

ሰላም ለድሬና ለሐረር ልጆች። እዚሁ ጎባ ነዋሪ ነኝ፣ ተራራውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እህታችን በሐቀኝነት ስለጻፈችው አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ሄዶ ሲመለስ ፎቶውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ስለ አቅጣጫ ነው። ከጫካ ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ያምራል፣ ግን ረጥባችሁ ነው ብርዱ ላይ የምትደርሱት። ለጀማሪ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ከዲንሾ ወይም ከጎባ ተነስታችሁ በቶጎና ሸለቆ አድርጋችሁ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ፣ ከዚያ ሳነቴ፣ ከዚያ ቁልቁል ሪራና ካቻ። ደርቃችሁ ብርዱን ታልፋላችሁ፣ ከረጠባችሁ የምትረጥቡት ወደ ሙቀት ስትወርዱ ነው። ከፍታውም በቀስታ ይጨምራል።

ሁለተኛው ስለ ወቅት ነው። ሐረና ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይቆያል። ከኅዳር እስከ የካቲት መንገዱ ይደርቃል። ግን አትታለሉ፣ የደረቀው ወቅት ሌሊቱ የከፋ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ሙቀቱ ሁሉ ያመልጣል። ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ የወረደበት ጊዜ አለ። ቀን በሸሚዝ፣ ሌሊት ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይነጋል።

እና እባካችሁ፣ ፈረስ ከአካባቢው ማኅበር ተከራዩ። ባለፈረሱ በጉም ውስጥም መንገድ ያውቃል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እህቴ፣ ያየሽው ውርጭ ነው፣ ጠጠሩ በረዶ ነው ወይስ አመዳይ፣ ያ እንደ ጥጥ የሚወርደው? ብዙ እንግዳ ጠዋት ውርጩን አይቶ «በረዶ ጣለ» ይላል። በረዶ ሲጥል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠጠር ጠጠሩ ነው።

የሳቢያን ልጅ | ጥቅምት 28

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም ስንከራከርበት ነበር። ውርጭ አልነበረም፣ ምክንያቱም ውርጩን በአራተኛው ቀን ጠዋት አይተነዋል፣ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ነበር። ይሄ ግን ውፍረት ነበረው፣ የጣቴን አንድ አንጓ ያህላል። ጠጠርም አልነበረም። ጠጠሩ ቢሆን ድንኳኑ ላይ ሲያንኳኳ እንሰማው ነበር። እኔን የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። እፍኝ ስትይዘው እንደ ተነደፈ ጥጥ ይታመቃል።

የጎባ ልጅ | ጥቅምት 28

እንግዲያው አመዳዩ ራሱ ነው። ዕድለኞች ናችሁ። እኔ እንኳ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ባየው ነው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ይቀልጣል።

ነርስ ነኝ ድሬ | ጥቅምት 28

በጣም ጠቃሚ ጽሑፍ ነው። ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነቡት አብዛኞቹ የቆላ ሰዎች ናቸው።

ወንድምሽን የያዘው ቆፈን ነው፣ የሰውነት ሙቀት መውረድ። ያደረጋችሁት ነገር ሁሉ ልክ ነው። ውኃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ነው። ለዚህ ነው 5 ዲግሪ ላይ እርጥብ ሰው፣ ዜሮ ላይ ካለ ደረቅ ሰው ይልቅ ለአደጋ የሚጋለጠው። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች እነዚያ የጻፍሻቸው ናቸው፦ መንቀጥቀጥ፣ የጣት አልታዘዝ ማለት፣ የንግግር መጎተት፣ ዝምታ። ሰውየው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ካቆመ ግን ተሻለው ብላችሁ አትዘናጉ። ያኔ ነው የባሰው። እጅና እግሩን አትሹት። እንዳይነሳ፣ እንዳይሄድ። አረቄም አትስጡ። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ውስጥ የቀረውን ሙቀት ያወጣዋል፣ የሞቀ ስለሚመስል ብቻ ሰው ይሳሳታል።

ከፍታውን በተመለከተ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ300 እስከ 500 ሜትር ቢበልጥ ነው። እናንተ በአንድ ቀን 1,000 ሜትር ጨምራችኋል፣ ያውም ረጥባችሁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ አትውጡ። ካልተሻለው ውረዱ። መውረድን የሚተካ መድኃኒት የለም። ዳያሞክስ የሚባለውን ኪኒን መውሰድ የሚፈልግ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር አይውሰድ።

ሌላው፣ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከድሬ እስከ ቱሉ ዲምቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ስለዚህ ድሬ ቀን 30 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 10 ብታገኙ ነው። ያ ደግሞ ነፋሱ ሳይቆጠር።

እና የኛን ሰው ስለማውቀው እናገራለሁ። ተራራ ላይ ጫት አትቃሙ። እንቅልፍ ይከለክላል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የእጅና የእግር ጣት ላይ ያለውን የደም ሥር ያጠብባል። ሦስቱም እዚያ የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች ናቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

የከዚራ አባት | ጥቅምት 28

ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ነርሱ፣ የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። ይህን አብረን አነበብነውና አሁን እንቅልፍ ነሳኝ። መውሰድ ይቻላል?

ነርስ ነኝ ድሬ | ጥቅምት 28

ጋሼ፣ ጤነኛ ከሆነና መራመድ ከለመደ ይችላል። ከፍታው ላይ ግን ልጆች ሕመማቸውን አይናገሩም፣ ጉዞው እንዳይቀርባቸው ይደብቃሉ። ራስዎ በየሰዓቱ ይጠይቁት። መጀመሪያ ሁለት ቀን ዲንሾ ይሁኑ። እዚያ የደጋ አጋዘን ከደጅ ያያል፣ እግሩም ይፈታል። ከዚያ ሰውነቱን አይተው ይወስኑ።

ካምፓላ ያለሁ | ጥቅምት 29

ሰላም የአገሬ ልጆች። መጋላ ነው ያደግሁት፣ አሁን ኡጋንዳ ነው የምሠራው። አምና ርዌንዞሪን ሄጄ ነበርና ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ ልጻፍ።

ርዌንዞሪ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ያለ ተራራ ነው። ዋናው ዙር ሰባት ቀን ይፈጃል። ከታች ጫካ፣ ከላይ ቋሚ በረዶ። ትልቁ ጫፍ ማርገሪታ 5,109 ሜትር ነው። በ1906 የአብሩዚው መስፍን የሚባለው ጣሊያናዊ ነው መጀመሪያ የወጣው። እኔ ጫፉ ላይ አልወጣሁም፣ ዙሩን ብቻ ነው የጨረስኩት።

ስለ እርጥበት የጻፍሽውን ሳነብ ራሴን አየሁ። እዚያ ሰው ሁሉ የሚሄደው በቦቲ ነው። አዎ፣ እኛ ክረምት ላይ የምናውቀው የላስቲክ ቦቲ። እኔ ውድ የተራራ ጫማ ይዤ ሄድኩ። አስጎብኚዎቹ የባኮንዞ ሰዎች ናቸው፣ ጫማዬን አይተው «እሱን ለላይ አስቀምጠው» ብለው ቦቲ አከራዩኝ። በሁለተኛው ቀን ገባኝ። አረንቋው ጉልበት ይደርሳል። ከሣር ጉብታ ወደ ሣር ጉብታ እየዘለላችሁ ነው የምትሄዱት፣ ከሳታችሁ ትሰምጣላችሁ። ውስጡ ውኃ የገባ የቆዳ ጫማ አይደርቅም። ቦቲ ግን ገልብጣችሁት ካልሲ ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ። ስለዚህ ለሐረና ጫካ ክፍል ቦቲ ያዙ እላለሁ፣ ለአምባው ሌላ ደረቅ ጫማ በፈረስ።

ከነሱ የተማርኩት ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ሁለት ልብስ ብቻ አለ፣ የቀን ልብስና የሌሊት ልብስ። የሌሊቱ ከድንኳን ውጭ በጭራሽ አይለበስም። ጠዋት ያን እርጥብ የቀን ልብስ መልሶ መልበስ በጣም ከባድ ነው፣ ልብን ያዝላል። ግን አሥር ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ ይሞቃል። ደረቁን ለብሶ መውጣት ግን ማታ ምንም ደረቅ ነገር አለመኖር ማለት ነው።

በረዶው እየጠፋ ነው። የድሮው ፎቶ ላይ ሸለቆውን የሞላው በረዶ ዛሬ ባዶ ድንጋይ ሆኖ አየሁት። መሄድ የምትፈልጉ ብዙ አትቆዩ።

የሳቢያን ልጅ | ጥቅምት 29

የቀን ልብስና የሌሊት ልብስ! ወንድሜ፣ ይህን አንድ ወር ቀደም ብለህ ብትጽፈው ኖሮ። እኛ ያደረግነው በትክክል ተቃራኒውን ነው። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሪራ ላይ እርጥቡን መልበስ ስለከበደን ደረቁን ለብሰን ወጣን። ማታ ለወንድሜ የሚለበስ ነገር ስናጣ አስጎብኚው የራሱን አውልቆ የሰጠው ለዚህ ነው።

ድንጋይ ፈላጊ | ጥቅምት 29

ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ፣ ግን የሄዳችሁበት መሬት ታሪክ ስላለው ነው። ባሌ ላይ በአንድ ወቅት ቋሚ የበረዶ ግግር ነበር። ሳነቴ ላይ መሬቱ ላይ በረድፍ የተደረደሩ የሚመስሉ ድንጋዮች አሉ፣ መሬቱ በቅዝቃዜ ሲረጋና ሲቀልጥ የደረደራቸው ናቸው። የበለጠ የሚገርመው ግን ሰው በዚያ ዘመን እዚያ መኖሩ ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፣ 3,469 ሜትር ላይ። በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። የሚበሉት ምን መሰላችሁ? እህታችን ያየችውን ፍልፈል ነው፣ ጠብሰው። የድንጋይ መሣሪያቸውንም የሚሠሩበትን ጥቁር የመስታወት ድንጋይ የሚያመጡት ከላይ፣ በረዶው አጠገብ ከነበረ ቦታ ነው። እነሱ ያኔ ፈረስም ድንኳንም አልነበራቸውም።

ፓርኩ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይገባዋል።

ጁገል በር | ጥቅምት 29

እኔ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አሳቤን ቀይሬያለሁ። የጎባ ልጅ እንዳለው ከላይ ወደ ታች እንሄዳለን። ግን ውሻዬን ይዤ ልሂድ ብዬ ነበር። ፈረስ ካለ ውሻም ይፈቀዳል?

የጎባ ልጅ | ጥቅምት 29

ወንድሜ፣ በፍጹም። ይህን በቁም ነገር ነው የምነግርህ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ነው ያለው። የሚፈጃቸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ጊዜ ሲገባ መንጋውን ይጨርሰዋል፣ በተደጋጋሚ ደርሶብናል። የአካባቢው ውሾች የሚከተቡት ለዚህ ነው። ውሻህ ሐረር ይቆይህ። የምግብ ትራፊም አትጣሉ፣ ትራፊው ውሻ ይጠራል።

ጁገል በር | ጥቅምት 29

ገባኝ። አላወቅሁም ነበር። እናቴ ጋ ይቆያል።

እትዬ ድርቆሽ | ጥቅምት 30

የሳቢያን ልጅ፣ ጋቢውን ምን አደረጋችሁት? ሳልጠይቅሽ ቀርቼ ሲከነክነኝ አደረ።

የሳቢያን ልጅ | ጥቅምት 30

እትዬ፣ ሳነቴ ላይ ድንጋይ ላይ አስጥተነው በአንድ ቀን ደረቀ፣ ፀሐይዋ እላይ ኃይለኛ ናት። በመጨረሻው ሌሊት ወንድሜ ድንኳን ውስጥ ለብሶት ተኛ። አሁን አያቴ ጋ ተመልሷል። የጭስ ሽታ አለው፣ አያቴ «አይታጠብ፣ ይሁን እንዲህ» አሉ። ለሚቀጥለው የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው የምንይዘው። ባለፈረሶቹ የሚለብሱት እሱን ነው። ሱፍ ቢረጥብም ጥቂት ሙቀት ይይዛል።

ለአስጎብኚው ደግሞ ያቺን ሹራብ በአዲስ ተክተን ልከንለታል።

ጁገል በር | ጥቅምት 30

እንግዲህ እኛ በዚህ ጀምረናል። የፊታችን ቅዳሜ ቁንዱዶ እንወጣለን፣ ከፉኛን ቢራ ተነስተን። 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለሳምባ ይጠቅማል፣ አናቱ ሜዳ ነው፣ የዱር ፈረሶቹንም ካገኘን እናያለን። በሚቀጥለው ወር ደግሞ በግራዋ በኩል ጋራ ሙለታ፣ እሱ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ድንኳናችንን አናቱ ላይ ተክለን እናድራለን። የተከራየነውን ስሊፒንግ ባግ ዛሬ ማታ ግቢ ውስጥ ዘርግቼ ዚፑን ሞክሬዋለሁ፣ ይዘጋል። ከድሬ መምጣት የሚፈልግ ካለ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሐረር እንገናኝ።

የከዚራ አባት | ጥቅምት 30

እኔና ልጄ እንመጣለን። ቦቲ ገዝቼለታለሁ።

ነርስ ነኝ ድሬ | ጥቅምት 30

ከምሽት ፈረቃ አርብ እወጣለሁ። ካልደከመኝ አለሁ። ፔርሙዝ የያዘ ሰው ይኑር።

የሳቢያን ልጅ | ጥቅምት 30

እኔና ወንድሜ አለን። ፔርሙዙን እኛ እንይዛለን። እሱ ከአሁኑ የሌሊት ልብሱን በሁለት ፌስታል ቋጥሮ አልጋው ሥር አስቀምጧል።

የጎባ ልጅ | ኅዳር 1

ዛሬ ጠዋት ከሪራ የመጣ ሰው አግኝቼ ጠየቅሁት። ሐረና ላይ ሦስት ቀን ሳይዘንብ ቆይቷል። ጭቃው እየጠነከረ ነው። ላይ ግን ውርጩ ጀምሯል።